«ወደ መርፌ እናስገባዎታለን»

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ በስኳር ሕሙማን የቀጠሮ ቀን ከምርመራ ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ይህችን ንግግር ሳይሰማ አይነሳም፦ «አባ፣ እንዲህ ከቀጠሉማ ወደ መርፌ ነው የምናስገባዎ!» ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም። ገበሬው ጠላና አረቄውን እንዲተው፣ ቀጠሮውን እንዲያከብር ብሎ ነው። ነገር ግን ከዚያች ቃል በኋላ ኢንሱሊን መድኃኒትነቱ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል።

የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ባለሙያው «የገጠር ሰው በአንድ መድኃኒት አይጸናም፤ ይቀያይራል» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «መርፌ የጀመረ አለቀለት» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ መድኃኒቱ የተቀየረው ታማሚው ስላጠፋ ነው ብለው ያምናሉ።

አጎቴ ቡሬ ዙሪያ በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ስድስት ዓመት ኪኒን ዋጡ፤ ቀጠሮ አላጓደሉም። በሰባተኛው ዓመት ስኳራቸው አልወርድ ብሎ መርፌ እንደሚያስፈልጋቸው ሲነገራቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ለአክስቴም አልነገሯት። አምስት ወር ሙሉ የሽፈራው ቅጠል እያፈሉ ጠጡ። እንደገና የሄዱት እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ሲል ነው። ያኔ የጠየቁኝን አልረሳውም፦ «ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፉም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ባለበት አይቆምም። ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ዓመት ዓመትን በተካ ቁጥር ይደክማሉ። አጎቴ የዋጡት ግሊቤንክላማይድ ደግሞ የሚሠራው እነዚያኑ ሕዋሳት እየቀሰቀሰ ነው፤ የደከመ በሬ ጅራፍ ስለበዛበት አያርስም። በእንግሊዝ አገር ከ1977 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ከ5,000 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። በሽታው ከታወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ስኳራቸውን በአንድ መድኃኒት ብቻ መቆጣጠር እንደማይችሉ አሳይቷል። ሐኪምና ምግብ ባልጎደለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የቡሬው ገበሬ በሰባተኛ ዓመቱ ኢንሱሊን ቢያስፈልገው በምን ሒሳብ ጥፋተኛ ይባላል? መቀየሩ የበሽታው ጠባይ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን፣ ኪኒኑ ሲሰጣቸው ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

ሌላም ታማሚ አለ፤ ስለ እሱ ከዚህም ያነሰ ይነገራል። ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከሲታው ወጣት አራሽ ሲታመም መጀመሪያ ማንም ስኳር ብሎ አይጠረጥርም። በጎንደር ገጠር ግን ድሃና ቀጭን ሆነው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከዓመታት በፊት ጽፈዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ይህ በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» የሚል ስም ከዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ያገኘው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ኪኒን ተሰጥቶት ሳይሠራለት ሲቀር፣ ኪኒኑን በአግባቡ አልወሰድክም ተብሎ ይወቀሳል።

እስካሁን ያልኩት ሰውነት ስለሚጠይቀው ለውጥ ነው። በእኛ አካባቢ ግን መድኃኒት የሚቀየረው ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ባዶ ስለሆነ ነው። ሜትፎርሚን አልቋል፤ ግሊቤንክላማይድ አለ፤ እሱን ውሰድ። ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን የለም፤ ቅልቅሉ አለ፤ እሱን ውሰድ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሁሉም የለም። በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ማዶ የሚቀር ሰው መኖሩን ስጨምርበት፣ «ገበሬው አይጸናም» የሚለው ክስ ያናድደኛል። የሚጸናበት ምን ተሰጠው?

ባለው መተካቱ በራሱ ክፋት የለበትም። ክፋቱ ዝም ብሎ መተካቱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የማውረዱ ነገር እምብዛም ነው፤ ሆድ ስለሚረብሽ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ግሊቤንክላማይድ ግን ባዶ ሆድ ላይ አደገኛ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው፣ የለመደው ኪኒን በሌላ መተካቱን እንጂ ትርጉሙን ሳይነገረው ጧት ውጦ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከቅዳሴ ሲመለስ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መንገድ ላይ ይወድቃል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ሊገድለው ነው» ብሎ ያስተወዋል። በቀጣዩ ቀጠሮ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «መድኃኒት አቋርጧል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አቋርጧል። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ማን ጻፈው? ቅልቅሉ ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፤ ሠላሳ በመቶው ፈጥኖ የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ ከተወጉት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት ግድ ነው። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የጎጃማችን ደቡብ አቸፈር ነበር። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን መዋጮውን ከፍሎ «ከውጭ ግዛ» የተባለ ገበሬ የሚገዛው ኪሱ የቻለውን ነው፤ ያም አንድ የመቀየሪያ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

«ፍሪጅ ለሌለው ሰው ኢንሱሊን እንዴት ይሰጣል?» የሚሉም አሉ። ይህ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ የተለካውን ሙቀት መነሻ አድርጎ፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ አረጋግጧል። ለወምበርማና ለብር ሸለቆ ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብልቃጡን ውሃ በሚያሰርግ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርገው በጥላ ሥር ካስቀመጡት ደግሞ ከዚያም ይቀዘቅዛል። ርቀቱም ቢሆን መልስ አለው፤ ጎንደር ላይ ሐኪሞች የስኳር ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው ለነርሶች በማስተማር ገበሬውን ከረጅም መንገድ ያሳረፉትም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

እና የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ለታማሚውም በቃል ይነገረው፦ በሽታው ስለገፋ ነው፣ ኩላሊትዎ ስለደከመ ነው፣ መጋዘኑ ባዶ ስለሆነ ነው። የመጨረሻውን መናገር እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ይነገር፤ አለዚያ ታማሚው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል።

አጎቴ ዛሬ ጧትና ማታ ራሳቸውን ይወጋሉ፤ እግራቸው ድኗል። ብልቃጡ ከጓዳ ጥግ ማሰሮ ውስጥ ነው። ባለፈው ጥምቀት ስሄድ የክትትል ደብተራቸውን አገላብጬ አየሁት። ቀን አለ፣ የስኳር ልክ አለ፣ የመድኃኒት ስም አለ። መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ለምን እንደተቀየረ የተጻፈ አንድም ቃል አላገኘሁም።