ሲስተም የሚባል ሰው የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እናንተ መጨረሻ የቆማችሁበትን አስቡት፤ ያው ነው። ቁጥር ቆርጠን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀስ በቀስ እየተንሸራተትን ሁለት ሰዓት ከጠበቅን በኋላ፣ ልንደርስ ሁለት ሰው ሲቀረን ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳችና አገር የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ሲስተም የለም።»

ማንም አልተቆጣም። ዝናብ መጣ የተባለ ያህል ሰው ሁሉ ወረቀቱን እያጣጠፈ መነሳት ጀመረ። ከፊቴ የነበሩት ነጠላ የለበሱ እናት ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«የት ሄዶ ነው?»

«እማማ፣ ሲስተም የለም ነው የምልዎት። ነገ ይምጡ።»

«እሱማ ገባኝ ልጄ። እኮ የት ሄዶ ነው? ምሳ ከሆነ እንጠብቀው።»

ሳቅን። ልጅቷም ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልስ እየጠበቁ ነበር። ማታ ላይ ነው እኔም የነቃሁት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ነገርኩት። ወዳጄ ኮድ ጽፎ የሚያድር፣ ቀን ቀን ደግሞ ስለ ዓለም ጉዳይ ሁሉ ብይን የሚሰጥ ሰው ነው። ስለ ዶላር ይናገራል፣ ስለ አዋጅ ይናገራል፣ ስለ ትራፊክ መብራት ይናገራል። እኔ «ማስረጃ ካልያዝሽ አትጻፊ» እየተባልኩ ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ እሱ አንድ ማኪያቶ እስኪያልቅ ሦስት ሕግ ያሻሽላል። የሚያናድደው ነገር አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው።

«ሲስተም የሚባል ሰው የለም» አለኝ። «ሁሌም ከጀርባው ሰው አለ። መጠባበቂያ መስመር ለምን አስፈለገ ያለ ሰው አለ። ሳይሞከር ይለቀቅ ያለ ሰው አለ። ርካሹን ጨረታ የመረጠ ሰው አለ። ሲስተም ማለት እነዚህ ሰዎች የሚደበቁበት መጋረጃ ነው።»

ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ወሰደኝ። ታስታውሳላችሁ፤ አርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ልኩን ሳተ፤ ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ወሬው በቴሌግራም ሲዛመት የዩኒቨርሲቲ ኤቲኤሞች ፊት ሌሊት ወረፋ ተሰለፈ። ባንኩ ቆይቶ እንደገለጸው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሄዷል። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ተባለ።

ወዳጄ በዚያ ሌሊት ላይ ሦስት አስተያየት አለው፤ አንዱ የቴክኖሎጂ፣ አንዱ የንግድ፣ አንዱ የሕግ። በቅደም ተከተል እንያቸው።

የቴክኖሎጂው፤ «አርብ ማታ አፕዴት አይለቀቅም።» በሙያው ያሉ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው ይላል። አርብ ማታ የለቀቅከው ነገር ቢበላሽ የሚያስተካክለው ሰው እቤቱ ገብቷል፣ ስልኩን አጥፍቷል። በእርግጥ ባንኮች ለማሻሻያ ሰው የማይበዛበትን ሌሊት የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱም ይህን አይክድም። ቢሆንም «ሌሊት መርጠህ መልቀቅህ ካልቀረ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያይ ዓይን አብረህ መመደብ ነው» ባይ ነው። ይህን እንዳለ ተቀበልኩት።

የንግዱ፤ «ባንክ የሚሸጠው ብር አይደለም፣ እምነት ነው።» በአያቶቻችን ዘመን ብር ፍራሽ ስር ይቀመጥ ነበር። ከፍራሹ አውጥተን ለባንክ የሰጠነው ከፍራሹ ይልቅ እሱን ስላመንን ነው። ስለዚህ ከጠፋው ብር በላይ የሚያስፈራው፣ ቅዳሜ ጠዋት የነቃ ሰው «የኔስ ሂሳብ ደህና ነው?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህንንም ተቀበልኩ።

የተጣላነው በሦስተኛው ላይ ነው። «ማሽኑ ፈቅዷል» አለኝ። «ኤቲኤሙ ‹ሂሳብህ አይበቃም› ማለት ሲገባው ቆጥሮ ሰጠ። መስጠት መፍቀድ ነው። ልጆቹ ምን አጠፉ?»

እዚህ ላይ ነው የኮምፒውተር ሰዎች የሚሳሳቱት፤ ኮዱ የፈቀደው ነገር ሁሉ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ጊዜ ኤቲኤም የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ነገር ግን አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ንብረት የበለጸገ ሰው መካስ እንዳለበት ይናገራል፤ አንቀጽ 2164 ደግሞ የማይገባውን ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። በዚህ መንገድ ካየነው ጥያቄው ማሽኑ ሰጠህ ወይ አይደለም፤ ገንዘቡ ያንተ ነው ወይ ነው። የአያቶቻችን አባባል ደግሞ ከሕጉም ያጥራል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ባለ ሱቁ አምሳ ብር መልስ መስጠት ሲገባው አምስት መቶ ቢሰጣችሁ፣ «እጁ ፈቅዷል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ? አንዳንዱ ይሄዳል፤ ግን እየሮጠ ነው የሚሄደው። የሚሮጠው ስለሚያውቅ ነው።

ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ይሁንልሽ» አለ። «ግን እንግዲያው ሚዛኑን ለሁለቱም ወገን አንሺው።»

እውነቱን ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይሄው ነው።

ባንኩ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ በወንጀል እንደማይጠየቁ ተናገረ፤ ብዙዎችም መለሱ። ካልመለሱት መካከል ግን የአንዳንዶቹ ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ተለጠፈ። ፍርድ ቤት ያልቀረበ፣ ጥፋተኛ ያልተባለ ልጅ ፊቱ ስልክ ለስልክ ዞረ። ያ ፎቶ ለባንኩ የተሰጠው ሂሳብ ለመክፈት ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በዚያው ሰሞን ነው። መረጃህ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚለው ሐሳብ የአዋጁ እምብርት ነው፤ የግል መረጃ አደጋ ሲደርስበትም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሕጉ ለሚቀጥለው ጊዜ ደረሰ እንጂ ለእነዚያ ልጆች አልደረሰም።

ልብ አድርጉልኝ፤ ለወሰዱት እየተሟገትኩ አይደለም። ይመልሱ ብያለሁ። ግን እስቲ ሁለቱን ስህተቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የተማሪው ስህተት ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ዩኒቨርሲቲ አለው። የሌላኛው ወገን ስህተት በየመግለጫው ላይ ስሙ ምንድን ነው? «ሲስተም»። ሲስተም ደግሞ ፎቶ የለውም።

የአንድ ኢንጂነር ፎቶ ይለጠፍ ማለቴም አይደለም፤ እግዜር ይጠብቀኝ። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ምን ተቀየረ? ከመለቀቁ በፊት ተሞክሯል ወይ? ለመልቀቅ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? እንዳይደገም ምን ተደረገ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ፣ ሰው በሚገባው አማርኛ ቢመለሱ ማንንም አያሳፍሩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

«እኛ አገር ይህ አይቻልም» የሚለኝ ካለ፣ ተችሏል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው አጣን። አንድ ወር ሳይሞላ የአገራችን መርማሪዎች የመጀመሪያውን ሪፖርት ይፋ አደረጉ። ከአንድ የተሳሳተ ጠቋሚ መሣሪያ በመጣ መረጃ አውቶማቲክ ሲስተሙ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንደገፋ፣ በየሰከንዱ እየቆጠሩ አሳዩ። እዚያ ላይ «ሲስተም ነው» ተብሎ አልታለፈም። የትኛው ሲስተም? ማን ሠራው? ለምን? ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መመለስ የነበረበት ደግሞ ከዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ነበር።

ካልተጠየቀ ምን እንደሚሆን ደግሞ እንግሊዞች ያውቁታል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ፣ ፉጂትሱ ያቀረበው የሂሳብ ሲስተም ይጠቀም ነበር። ሲስተሙ በየቅርንጫፉ «ጉድለት አለ» ሲል፣ የታመነው እሱ ነው። ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በሌብነትና በሂሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ጉድለቱ የሲስተሙ ነበር። ፓርላማው በጅምላ ፍርዳቸውን የሻረላቸው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ነው፤ የእኛ ባንክ ሌሊት ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ ማለት ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ቀድሞ «ሲስተሙ ቢሳሳትስ?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ስንት ቤት ሳይፈርስ በቀረ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደራሴ ልምጣ፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቦታ አንድ መግለጫ ተሰጠኝና ዜና ሠራሁበት። «በሲስተም ብልሽት ምክንያት አገልግሎቱ ተቋርጦ መቆየቱ ተገለጸ።» ተገለጸ! ማን ገለጸ? ምን ተበላሸ? አልጠየቅኩም። አለቃዬ «ጥሩ ነው፣ አጭር ነው» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እቤቴ ገባሁ። መጋረጃውን የሚሰፉት የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛም ክር እናቀብላለን።

ይህን ስነግረው ወዳጄ ማኪያቶውን ማማሰል አቆመ። ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የደመወዝ ፕሮግራም ሲሠራ፣ አርብ ማታ አንድ ትንሽ ማስተካከያ ሳይሞክር ለቀቀ። የሠራተኛው ደመወዝ ሁለት ቀን ዘገየ። ቅዳሜ የቤት ኪራይ የሚከፍል ነበረ፣ እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ነበረ። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በሲስተም ብልሽት ምክንያት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እሱም ቆሞ አነበበው።

«ሲስተሙ እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። እስካሁን አርብ ማታ ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል።»

ያ ሁሉ የሕግና የንግድ ትንታኔው ከየት እንደሚመጣ የዚያን ዕለት ገባኝ። ስለ ሌላው ስህተት እንዲህ አጥብቆ የሚናገረው፣ የራሱን ስህተት የሚናገርበት ቦታ ስላላገኘ ነው። ተጠያቂነት ስንል ብዙ ጊዜ እስር ቤት ይታየናል። ለእሱ ግን ተጠያቂነት ቢኖር ኖሮ እፎይታ ይሆንለት ነበር፤ «እኔ ነኝ፣ እንዲህ ሆኖ ነው፣ እንዲህ አስተካክያለሁ» ብሎ መናገር ነበር። ስህተቱን ተናግሮ እንጀራውን የማያጣ ባለሙያ ስህተቱን ይናገራል። የሚያጣ ከሆነ ደግሞ «ሲስተም» ይላል።

ሕግ አውጪዎቻችን የኮምፒውተር ሰዎችን ቀድመው ቢጠይቁ፣ የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግን አንድ ቀን ገለጥ ቢያደርጉ፣ እኛ ጋዜጠኞች «ተገለጸ» ከማለታችን በፊት «ማን?» ብንል፣ ግማሹ መንገድ ተሄደ። የቀረውን ግማሽ ወረፋ የምንቆም ሰዎች እንጨርሰዋለን፤ ወረቀታችንን አጣጥፈን ከመነሳታችን በፊት አንዲት ጥያቄ በመጠየቅ።

በነጋታው ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። እናትየውም ነበሩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ስታያቸው ፈገግ አለች።

«እማማ፣ ዛሬ አለ።»

«ተመስገን» አሉ። «ትናንት የት ነበር?»