«ቢን» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ፍች እንዳለው

በዚህ ዓምድ አንድ የባዕድ አገር ቃል እየመረጥን፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ምን ምን እንደሚሆን ማስረዳት ልማዳችን ነው። ለዛሬ የመረጥነው «ቢን» የሚባለውን ቃል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ትርጉሙንም ብንጠይቀው ማናቸውም ተማሪ «ባቄላ» ብሎ ፈጥኖ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሙሉ አለመሆኑም በንግድ ደብዳቤና በማድ ቤት ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፤ ነገሩን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልንጽፈው ወደድን።

ይህን ለማስረዳት የጀውሃ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር እስኪደርስ ድረስ በደጋው እርሻ ላይ ባቄላ ያያል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፤ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጀውሃ ሲደርስ ግን አገሩ የይፋት ቆላ ነውና፤ ሙቀቱ ለባቄላ አይስማማውም። በእርሱ ፈንታ ከማሽላውና ከጤፉ ጋራ ማሾ ይዘራል። የእኛ ሰው አንዱን ባቄላ ሁለተኛውን ማሾ ብሎ ለየብቻ ስም ሲያወጣላቸው፤ እንግሊዛዊው ግን ሁለቱንም «ቢን» ይላቸዋል። እንግዲህ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ይለወጣል ማለት ነው።

የዚህም ምክንያቱ በታሪክ ይገኛል። በጥንት ዘመን በእንግሊዝ አገር «ቢን» ሲባል የሚታወቀው ባቄላ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ዓመት ኮሎምቦስ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን፤ የቦሎቄና የአደንጓሬ ዘር ከዚያ እየመጣ በአውሮፓ ተዘራ። ሰዎቹም አዲስ ስም በመፈለግ ፈንታ የአሮጌውን ስም ሰጡት። በኋላም ከእስያ ለመጡት ለማሾና ለአኩሪ አተር ይኸው ስም ተሰጠ። ስሙ ለብዙ ስለ ተካፈለም፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ከፊቱ ቅጽል ይጨምሩበታል። ዋና ዋናዎቹም እነዚህ ናቸው።

«ብሮድ ቢን»፤ «ፋባ ቢን»፤ «ሆርስ ቢን» ቢባል ሁሉም ባቄላ ነው፤ «ሆርስ» ማለት ፈረስ ነውና የመጨረሻው የፈረስ ባቄላ እንደ ማለት ነው። ዓረቦች ይህንኑ «ፉል» ይሉታል፤ በከተማችን ለቁርስ የሚቀርበው ፉልም ስሙን ከዚያ አገኘ። እኛም ሽሮውን፤ ንፍሮውንና የጾሙን ስልጆ የምናዘጋጀው ከዚሁ ነው።

«ሃሪኮት ቢን»፤ «ኪድኒ ቢን»፤ «ኔቪ ቢን» የቦሎቄ ዓይነቶች ናቸው። «ኪድኒ» ኩላሊት ማለት ሲሆን ስሙ የወጣው ከፍሬው ቅርጽ ነው፤ «ኔቪ» የባሕር ኃይል ማለት ሲሆን ነጩ ቦሎቄ የአሜሪካ መርከበኞች ስንቅ ስለ ነበረ ነው። «ግሪን ቢን» ወይም «ፍሬንች ቢን» ቢባል ግን ከነልጡ ከካሮት ጋራ የምንሠራው ፎሶልያ ነው።

«ሙንግ ቢን» ወይም «ግሪን ግራም» የይፋቱ ማሾ ነው። «ሙንግ» ከሕንድ ቋንቋ የተወሰደ ስም ነው። ማሾ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ስለሚደርስ፤ ዝናብ ለሚያጥርበት ቆላ የተመቸ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ጀምሯል፤ ወደ ውጭ አገርም ይላካል። ነጩ ቦሎቄም እንዲሁ ወደ ውጭ ይላካልና፤ በውል ወረቀት ላይ «ቢን» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ሻጩንና ገዥውን ለክርክር ይዳርጋል።

«ሶያ ቢን» አኩሪ አተር ነው፤ እነርሱ ባቄላ ያሉትን እኛ አተር አልነው። «ኮፊ ቢን» ደግሞ የቡና ፍሬ ነው፤ ቡና ከጥራጥሬ ወገን ባይሆንም መልኩ ስለ መሰላቸው ይህን ስም ሰጡት። «ካስተር ቢን» የተባለውም ጉሎ ነው።

አሁን እመቤቶች እንዲያስተውሉልን የምንለምነው ይህን ነው። ጉሎ ዘይቱ መድኃኒት፤ ፍሬውም የምጣድ ማሰሻ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ቢታኘክ የሚገድል መርዝ አለበት። ስለዚህ «ቢን» የሚለውን ስም አይቶ የሚበላ የሚመስለው እንዳይኖር፤ ሕፃናትም እንዳያገኙት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

ቀዩ «ኪድኒ ቢን» ጥሬውን ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። በለብታ እሳት ብዙ ሰዓት ቢቀመጥም መርዙ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃም ሠላሳ ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እስኪለሰልስ ይብሰል። የባዕድ አገር የወጥ መጽሐፍ «ቢን በዝግታ አብስሉ» ቢል፤ የትኛው ቢን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መታዘዝ አይገባም።

የባቄላ እሸትም ለብዙው ሰው ጤናማ ምግብ ነው። ነገር ግን ከተወለዱ ጀምሮ በደማቸው ውስጥ አንድ ኤንዛይም የጎደላቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነዚህ ባቄላ ደማቸውን ያፈርሰዋል። እሸት የበላ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፤ ሽንቱም ቢጠቁር፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ቃሉ በጨዋታም ይገባል። እንግሊዞች አንድ ሰው «ቢን አፈሰሰ» ቢሉ ምስጢር አወጣ ማለታቸው ነው፤ «በቢን የተሞላ» ቢሉም ንቁና ደስተኛ ማለት ነው። ያገራችን ሰው «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ሲል ግን ችኮላን መንቀፉ እንጂ ምስጢርን ማንሣቱ አይደለም። ባቄላ ለቀማ ይቻላል፤ ከአፍ የወጣ ምስጢር ግን አይለቀምምና ሁለቱም ምሳሌዎች ለልጆቻችን ይጠቅማሉ።

እንግዲህ ከልጆችዎ አንዱ «ቢን ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ፤ «የትኛው?» ብለው ይመልሱለት። እርሱም ፍሬውን ለይቶ ከተናገረ ቃሉን በእርግጥ አውቆታል። በሚመጣው ሳምንት «ፒ» የሚባለውን ቃል፤ ከአተርና ከሽምብራ፤ እንዲሁም ለብዙ ወራት አዘውትረው ሲመገቡት እግር ከሚያሽመደምደው ከጓያ ጋራ አድርገን እናቀርባለን።