ነቀምቴ ላይ የሚጨሰው ናፍጣ

ክረምት በገባ ቁጥር ወለጋ ውስጥ ሥራ የማያጣ ቢኖር ላቫጆ ነው። ከደምቢ ዶሎና ከጊምቢ ተነስቶ ነቀምቴ የሚገባ አይሱዙ ቀዩን ጭቃ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ጭቃውን ቀዝቃዛ ውሃም ያስለቅቀዋል። ከሥሩ የተጋገረውን ግራሶና ዘይት ግን የሞቀ ውሃ ካልሆነ የሚረታው የለም። ለዚህ ነው አቅም ያለው ላቫጆና ጋራዥ ውሃውን በናፍጣ አሙቆ በግፊት የሚረጭ ማሽን የሚገዛው።

ማሽኑ ውድ ነው። ብዙ ሳይቆይ ታዲያ ጭስ ማውጫው ጥቁር ደመና መትፋት ይጀምራል፤ ክሱም ይከተላል። «ናፍጣው ተቀላቅሏል»፣ «ማሽኑ ፎርጅድ ነው»፣ «ልጁ ነው ያበላሸው»። ሦስቱም አንዳንዴ እውነት ይሆናሉ። ዋናውን ጥፋተኛ ግን ማንም አይከሰውም። እሱ ዕቃውን አስመጥቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ «ሶኬት ሰክቶ ማስነሳት ነው» ብሎ ገዢውን የሚሸኘው ሻጭ ነው።

ክሱ ከባድ ስለሆነ ማስረጃ ይፈልጋል። የማሽኑ ማቃጠያ፣ ማለትም በርነሩ፣ ሥራው ቀላል ነው። ትንሽ ፓምፕ ናፍጣውን በ10 ባር ገደማ ግፊት በቀጭን ኖዝል በኩል ይረጨዋል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጠር ብልጭታ ይለኩሰዋል፣ ፋኑ አየር ይነፋል፣ ነበልባሉ ውሃው የሚያልፍበትን ጥምዝ ቱቦ ያግላል። የጀርመኑ ካርቸር በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1950 የአውሮፓን የመጀመሪያ የሙቅ ውሃ ግፊት ማሽን ከሠራ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። የጀርመን ይሁን የጣሊያን ወይም የቻይና፣ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው አየሩ ለቆላማ አገር ተለክቶ ነው።

ነቀምቴ ደግሞ 2,088 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። ፋኑ እንደ ድሮው ይዞራል፤ የሚነፋው አየር ግን ሳስቷል። ናፍጣው ፈሳሽ ስለሆነ ከፍታ አያሳሳውም፣ ኖዝሉ ያንኑ ያህል ይረጫል። ፋብሪካው ለጥንቃቄ 25 በመቶ ትርፍ አየር ሰጥቶታል እንበል። 1.25 በ0.78 ሲባዛ 0.975 ይመጣል። ትርፉ አልቆ ጉድለት ተጀመረ ማለት ነው። ያ ጥቁር ጭስ አየር አጥቶ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ነው።

መድኃኒቱ የአንድ ብሎን ጉዳይ ነው። የአየር ማስገቢያዋን ከፈት ማድረግ፣ ካልበቃም አነስ ያለ ኖዝል መግጠም። ሻጩ ይህን አይናገርም፤ ስለማያውቅ ይሁን ስለማይገደው ለገዢው ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። «ውሃው አልሞቅ አለ» ተብሎ ትልቅ ኖዝል ይገጠማል፣ ወይም የኖዝሉ ቀዳዳ በሽቦ ይጠረጋል። በሽቦ የተነካ ኖዝል ደግሞ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥበዋል። ጥቀርሻው ቱቦው ላይ ይጋገራል፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው አልገባ ይላል፣ በርነሩም ረጅም ሰዓት ይነዳል።

ይህ ስንት ያስከፍላል? በሰኔ 2014 መጨረሻ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ማሻሻያ ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል፣ ነቀምቴ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው አለ። በሰዓት 5 ሊትር የሚጠጣ በርነር በ2014ቱ ዋጋ 245 ብር ይበላ ነበር፤ በ2017ቱ 495 ብር። ናፍጣ ርካሽ በነበረበት ዘመን ጭስ ነውር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ባለቤቱ የአጣቢውን ደሞዝ በጭስ ማውጫ እየላከው ነው።

የናፍጣውም ክስ ይመርመር። በዚያው በ2017ቱ ተመን ኬሮሲን ከናፍጣ ጋር እኩል ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው እኩል ከሆነ የመቀላቀል ትርፉ የት አለ? ይልቅ በክረምት በርሜልና ጀሪካን ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው ጠላቱ። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ደግሞ አይነሳ። የማሽኑን ታንከር ሥር ማፍሰስና ፊልትሮ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሰበብ አያስፈልገውም።

ከገንዘቡ የሚብሰው ልጆቹ ናቸው። በርነሩ ነበልባል መኖሩን የሚያይ «ዓይን» አለው፤ ዓይኑ በጥቀርሻ ሲሸፈን ናፍጣውን ይዘጋል። ሥራ የተጣደፈበት ሰው ዓይኑን አጽድቶ እንደመመለስ ሽቦውን ቀጥታ ያገናኘዋል። ከዚያ ወዲያ ናፍጣ ያለ እሳት ይረጫል፣ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ በአንዴ ግው ይላል። የሙቀት መቆጣጠሪያውና ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭም በዚሁ መንገድ «ይታለፋሉ»። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑም ፋኑም ቆመው ውሃው የጋለው ቱቦ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቫልቩ ከተደፈነ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ጎማውን የያዘው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። በቆርቆሮ ተከድኖ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ሽታ የሌለው የጭሱ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አለ።

«ድሃ አገር ነን፣ ጥገና ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። በየሰዓቱ 5 ሊትር ናፍጣ ማቃጠል ያልከበደው ሰው አንድ ኖዝል በዓመት መቀየር እንዴት ይከብደዋል?

የሚያናድደው እውቀቱ ከተማው ውስጥ መኖሩ ነው። በናፍጣ ምድጃ የሚጋግር ዳቦ ቤት የሚጠቀመው የዚያኑ ዓይነት በርነር ነው፤ ምድጃውን የሚያስተካክለው ሰው ላቫጆውንም ያስተካክላል፣ የሚጠራው ቢኖር። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ማሽኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ግን አጣቢው በማያነበው ቋንቋ ነው፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አንድ ገጽ ማተም ለአስመጪ ምኑ ነው? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የላቫጆ ባለቤት «ሸማች» ነው ወይስ ነጋዴ ብሎ ጠበቃ ይከራከር፤ ጭሱ አይከራከርም።

እስከዚያው ገዢው በእጁ ያለው ገንዘቡ ነው። ቀሪውን ክፍያ ይያዝ። ማሽኑ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ነቀምቴ ላይ ይነሳ፣ አሥር ደቂቃ ይንደድ፣ ሻጩ ወይም የላከው መካኒክ ጭስ ማውጫው ጥቁር መትፋቱን እስኪተው ድረስ አየሩን ያስተካክል፣ የኖዝሉንም ቁጥር ጽፎ ይስጥ። ከዚያ ቀሪው ይከፈለው።