ኤክሶሶም ከመግዛታችሁ በፊት አባታችሁን የሆድ አልትራሳውንድ አስነሱ



በቅርቡ ኡራኤል ባለው ክሊኒካችን አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ መጣች። አባት ከ65 ዓመት ያለፉ፣ ለብዙ ዓመት ያጨሱ፣ ደም ግፊትም ያለባቸው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ያረፉት ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ «ዶክተር፣ ይሄ ኤክሶሶም የሚባለው በሽታውን በደም ቀድሞ ያሳያል፣ ያድናልም ይላሉ። ውጭ ያለው ወንድሜ ብር ሊልክልን ነው» አለችኝ።

«ለመሆኑ አባባ የሆድ አልትራሳውንድ ተነስተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ በፍጹም!»

የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ መልስ ነው።

🔹 አኒዩሪዝም ምንድን ነው?

አኦርታ ከልብ ተነስቶ በደረትና በሆድ ውስጥ የሚወርድ፣ ለመላ ሰውነት ደም የሚያከፋፍል ትልቁ የደም ቧንቧችን ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ሲሳሳ፣ የመኪና ጎማ በአንድ ጎኑ እንደሚያብጠው ሁሉ ይለጠጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አኒዩሪዝም እንለዋለን። ክፋቱ ብዙውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። ከፈነዳ ግን ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው ያልፋል። ታላቁ ሳይንቲስት አልበርት አንስታይን በ1955 እ.ኤ.አ. ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው።

🔹 ኤክሶሶምስ?

ሴሎቻችን ወደ ደም የሚለቋቸው፣ በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ያንሳሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጠኑ ሴል ቆሻሻውን የሚጥልባቸው ብቻ ይመስሉ ነበር። በኋላ ግን ፕሮቲንና አርኤንኤ ጭነው ከሴል ወደ ሴል መልእክት እንደሚያደርሱ ታወቀ። ከታመመ አኦርታ የሚወጡት ከረጢቶች ብግነት የሚያባብሱ መልእክቶችንና ግድግዳውን የሚያላሉ ኢንዛይሞችን ይሸከማሉ።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለት ተስፋ አላቸው። አንደኛው ከረጢቶቹን ከደም ናሙና አጥንቶ የትኛው አኒዩሪዝም በፍጥነት እንደሚያድግ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ከስቴም ሴል የተገኙ ከረጢቶችን ሰጥቶ ብግነቱን ማብረድ ነው። በአይጦች ላይ የታየው ውጤት አበረታች ነው።

🔹 የእኔ አቋም

ምርምሩን አልቃወምም። አልትራሳውንድ ስፋቱን ይነግረናል እንጂ የትኛው ቶሎ እንደሚፈነዳ አይነግረንም። ያንን የሚነግረን የደም ምርመራ ቢመጣ ከሁሉ በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ። ነገር ግን አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የፈቀደው የኤክሶሶም ምርት እንደሌለና በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት እንደደረሰ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ዛሬም ለአኒዩሪዝም ተብሎ የሚሸጥላችሁን ኤክሶሶም አትግዙ።

ወንድም የሚልከው ብር ይቀመጥ። እብጠቱ ከሰፋ ለሲቲ ስካንና ለቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የሆድ አልትራሳውንድ ግን ደቂቃዎች የሚወስድ፣ መርፌም ሕመምም የሌለው ምርመራ ነው።

አባባን በዚያው ቀን አነሳናቸው፤ 4.3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለወንዶች ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ 5.5 ሲደርስ ስለሆነ አሁን የሚያስፈልጋቸው ሲጋራ ማቆም፣ ግፊታቸውን መቆጣጠርና በቀጠሮ መለካት ነው። ልጅቷ «በቃ ይሄው ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ይሄው ነው። ሕይወት የሚያድነው ይሄው ነው።

🔹 እነማን ይመርመሩ?

✅ 65 ዓመት የሞላቸውና አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች፤ ካቆሙ ቆይተውም ቢሆን።
✅ አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው።
✅ ወላጆች ሆይ፦ ልጃችሁ ከእኩዮቹ በጣም ረጅምና ቀጭን፣ እጅና ጣቶቹ የረዘሙ፣ ደረቱ የጎደጎደ ወይም ወደ ፊት የወጣ፣ የዓይን ችግርም ያለበት ከሆነ ለሐኪም አሳዩት። ማርፋን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር በደረት ውስጥ ያለውን አኦርታ ያሰፋል፤ የሚታየውም በኢኮ ነው። ከባድ ስፖርት ከመጀመሩ በፊት ይታይ።

⚠️ አኒዩሪዝም ያለባችሁ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትውሰዱ። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት የአኦርታን መሰንጠቅ ሊያባብስ ስለሚችል መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

🚨 ድንገተኛ ከባድ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት ሲኖር «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ ማስታገሻ ውጣችሁ አትተኙ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

በመጨረሻም፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወራችሁ ታካሚዎች፣ የቀድሞውን የአልትራሳውንድ ውጤት ይዛችሁ በአዲሱ ሰፈራችሁ ክትትላችሁን ቀጥሉ። እብጠቱ ማደጉ የሚታወቀው ከድሮው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ነውና ወረቀቱን አትጣሉት።

ዛሬ ማታ አባታችሁ ጋ ደውሉ። «አባዬ፣ ሆድህን ተነስተህ ታውቃለህ?» በሉት።