አኻያ ለምን ከተከላ ዕቅድ ወጣ?

ለላስታ አርሶ አደር አኻያ እንግዳ ዛፍ አይደለም። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፣ ለጋ ቀንበጡ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፣ ከወንዝ ዳር የማይርቅ አገር በቀል ዛፍ ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበም ስሙን በባቢሎን ወንዞች መዝሙር ውስጥ ያገኘዋል። በወረዳ የተከላ ዕቅድ ላይ ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም። (ሲነሳም አህያ የተባለ የሚመስለው አይጠፋም።)

አውሮፓውያን የአኻያን ዘመዶች ለጌጥ ያለማሉ። በእነርሱ ክረምት፣ ማለትም በውርጩና በበረዶው ወራት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ቀይና ቢጫ ግንዱ እንደ እሳት ይታያል። እነዚህን ዝርያዎች አስመጥተን የላሊበላ ሆቴሎችን ግቢ እናስውብ የሚል ቢመጣ እኔ አልደግፍም። በለንደን የቀን ብርሃን በክረምት ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል፤ በበጋ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። ዛፉ ቅጠሉን የሚያራግፈው ይህን የቀን ማጠርና ብርዱን ተከትሎ ነው። በላሊበላ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ቅጠሉ በወጉ ካልረገፈ ቀለሙ ለማን ይታያል?

ከእነርሱ መውሰድ የሚገባን አቆራረጡን ነው። ዛፉን በየዓመቱ ከመሬት አስጠግተው ይቆርጡታል፤ ከጉቶው ቀጥ ያለና የሚታጠፍ ዘንግ በብዛት ያቆጠቁጣል። የእኛም አኻያ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዘንጉ ለቅርጫት፣ ለቀፎ፣ ለበረት አጥር፣ ለማገዶም ይሆናል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ቦረቦር ላይ ነው። የድንጋይ ክትር ብቻውን ጎርፍ ሲበረታ ከግርጌው ይሸረሸራል። አውራ ጣት የሚያህል የአኻያ ቁራጭ፣ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ከክትሩ ጀርባ ደለል በያዘው እርጥብ አፈር ላይ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ ቢተከል ሥር ይሰዳል። የላይኛው ጫፍ ወደ ታች እንዳይዞር መጠንቀቅ፣ በተቆረጠበት ቀን መትከል፣ ካልተቻለም ውኃ ውስጥ ማቆየት ነው። የችግኝ ጣቢያም ሆነ የፕላስቲክ ከረጢት አይጠይቅም።

ከዕቅድ ያስወጣውም ይኸው ይመስለኛል። ሥራችን የሚለካው ከጣቢያ በወጣ ችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ቁጥር ይበልጥ ከብዷል። ከወንዝ ዳር ተቆርጦ የተሰካ ዘንግ በየትኛው ሠንጠረዥ ይሞላ? ስለዚህ ባለሙያው ባሕር ዛፉን ያድላል፤ ቦረቦሩም በየክረምቱ የአርሶ አደሩን ማሳ ይበላል።

አኻያ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ውኃ ወዳድ ስለሆነ ከምንጭ ዐይን ይራቅ፤ ደረቅ ተዳፋት ላይም አይለፋበት። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብም ሥር የሚሰድ ዛፍ ባይጠጋ ይሻላል። ልቅ ግጦሽ ባልቆመበት ተፋሰስ ደግሞ ከብቱ ቀንበጡን ስለሚጨርሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በመጪው ዕቅድ ለቁራጭ ተከላ የራሱን ዓምድ ይክፈቱ፤ ሪፖርቱም በተሰካው ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት መስከረም አቆጥቁጦ በተገኘው ይሁን። ዘንጉን ማን እንደሚቆርጥ ከተከላው በፊት በቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቦረቦሩ ማሳውን ለሚነካበት አርሶ አደርና መሬት ለሌላቸው የአካባቢው ወጣቶች ቢሰጥ እመርጣለሁ።