«ከትርፋችን ለተጎጂዎች» ማለት ስንት ነው?



እዚህ ካኩማ ክረምት በመጣ ቁጥር ታራች ወንዝ ሞልቶ የስንቱን ቤት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ጎርፍ ምን እንደሆነ ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ባለፈው አንድ ሱቅ በር ላይ «ከእኛ ሲገዙ ከትርፋችን ለጎርፍ ተጎጂዎች እንሰጣለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ስንት ነው የምትሰጡት?» አልኩት ልጁን። ሳቀና «መምህር፣ ዋናው ቅንነቱ ነው» አለኝ።

አይደለም። ዋናው ቁጥሩ ነው!

የማስተምረው ሂሳብ ነው፤ እስቲ አብረን እናስላው። ዱቄትና ዘይት በ1,000 ሽልንግ ገዛችሁ እንበል። ነጋዴው 80 ሽልንግ አተረፈ። ከትርፉ 10 በመቶ ሰጠ ብንል 8 ሽልንግ ነው። እናንተ 1,000 አውጥታችሁ «ወገኔን ረዳሁ» እያላችሁ ቤታችሁ ገባችሁ፤ ለተጎጂው የደረሰው 8 ሽልንግ። በዚያው ሳምንት ዘይቱ ላይ 20 ሽልንግ ተጨምሮ ከሆነስ? ያን 8 ሽልንግ የሰጣችሁት እናንተው ናችሁ፤ 12ቱ ደግሞ ለነጋዴው ተረፈው። ከምናገኛት ራሽን ላይ ተቆርጦ፣ ምስጋናው ለሱቁ!

«መምህር፣ ነጋዴ አይርዳ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም። በ2011 እዚሁ ቱርካና ድርቅ ሲገባ «ኬንያውያን ለኬንያ» የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ትልልቅ ድርጅቶች ከቀይ መስቀል ጋር ሆነው ግባችን 500 ሚሊዮን ሽልንግ ነው ብለው አስቀድመው ተናገሩ። ሰዉም በኤም-ፔሳ ከ10 ሽልንግ ጀምሮ ላከ። ለመላክ መጀመሪያ ሳሙና መግዛት አላስፈለገም። ቁጥሩ የታወቀ፣ ተቀባዩ የታወቀ።

ከእኛ መንደር ነጋዴዎችም አውቃለሁ፤ ቤቱ በውሃ የተወሰደበትን ሰው ስም ከዱቤ ደብተራቸው ላይ ሰርዘው ዝም ያሉ። ወረቀት አልለጠፉም፣ ፎቶ አላነሱም።

ስለዚህ ወረቀት የምትለጥፉ ባለሱቆች፣ ሦስት ነገር ጻፉልን። ከትርፉ ስንት በመቶ? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን? ለማን? ሲያልቅ ደግሞ ያስረከባችሁበትን ደረሰኝ እዚያው በር ላይ ለጥፉ። የተጎጂዋን እናት ፎቶ ግን አትለጥፉ። እርሷ የሱቃችሁ ማስታወቂያ አይደለችም።

አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ «ይህን ሲገዙ ለተጎጂዎች ይሰጣል» የሚል ዕቃ ስታዩ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ዕቃውን ተዉትና ገንዘቡን በቀጥታ ላኩ። ከ8 ሽልንግ በላይ እንደሚደርስ እኔ አስልቼላችኋለሁ።

ቅር የሚለው ባለሱቅ ካለ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፤ እዚሁ ገጽ ላይ በደስታ አወጣለታለሁ።