አሮጌው ካምፐርና የአባባ አውራ ጣት

ዛሬ የማወጋችሁ ባለፈው ዓመት ስለገዛነው አሮጌ ካምፐር ነው። ካምፐር በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛና ሽንት ቤት አለው። አባቴ ግን "ተሳቢ" ይሉታል። አገር ቤት ከጭነት መኪና ኋላ የሚጎተተው ክፍል ተሳቢ ስለሚባል ነው።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከእኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቻችን ተራራውን ይወዱታል፤ እኔና ባለቤቴ ግን መሬት ላይ መተኛት አልቻልንም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀምንና ያገለገለ ካምፐር መፈለግ ጀመርን።

አንድ ቀን ጥሩ የሚመስል አገኘሁ። ባለቤቴ "አባባን ይዘሃቸው ሂድ፤ እሳቸውም ይዩት" አለችኝ።

"አባባ ስለ ካምፐር ምን ያውቃሉ?" አልኳት።

ይህን በመናገሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አባባ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ከ20 ዓመት በላይ የጭነት መኪና የጠገኑ መካኒክ ናቸው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አሜሪካ ከመጣን በኋላ ግን ሥራቸው ታክሲ መንዳት ሆነ። ሐኪም ቤት ስንሄድ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ ጠያቂው እሳቸው፣ መላሹ እኔ ሆንን። እኔም እሳቸውን መጠየቅ ተውኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። ካምፐሩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 የተሠራ ነው። ርዝመቱ 22 ጫማ ነው። ሻጩ ውስጡን ነጭ ቀለም ቀብቶታል፤ አዲስ መጋረጃም ሰቅሎበታል። በሩ ሲከፈት የሎሚ ሽታ ተቀበለኝ። ሻጩ 6,500 ዶላር አለኝ፤ ተከራክሬ በ5,800 ዶላር ገዛሁት። 700 ዶላር ስላስቀነስኩ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

አፓርትመንታችን ካምፐር ማቆም ስለማይፈቅድ፣ በወንድሜ ፒክአፕ ጎትቼ አባባ ግቢ ወሰድኩት። አባባ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ምንም አላሉም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና ከአልጋው ራስጌ፣ ጥጉ ጋ ቆሙ። አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ጫን አደረጉ። ጣታቸው እርጥብ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ወደ ውስጥ ገባ።

"በስብሷል" አሉ።

የ11 ዓመቷ ልጄ "አባባ፣ በሰበሰ ማለት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ቲማቲም ብዙ ቀን ሲቀመጥ ይለሰልሳል፤ ይሸታል አይደል? እንጨትም ውሃ ሲጠጣ ከርሞ እንደዚያ ይሆናል" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሳታማክረኝ ገዛኸው?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይባላል። የቸኮለች ሴት እህሉን መሬት ላይ ትደፋና አንድ በአንድ ስትለቅም ትውላለች። እኛም መልቀም ጀመርን።

የካምፐር ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የብዙ ካምፐሮች ግድግዳ ውስጡ ቀጭን እንጨት ነው። በጣሪያውና በግድግዳው መገጣጠሚያ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚደፍን ማጣበቂያ አለ። ይህ ማጣበቂያ በፀሐይና በብርድ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባና በግድግዳው ውስጥ ለዓመታት ይወርዳል። ከውጭ ምንም አይታይም። ከውስጥም ቀለም ሲቀባ ያምራል። የሎሚው ሽታም የሻጋታውን ሽታ ለመሸፈን ነበር።

እኔ ወለሉን ቶሎ አሳምሬ ልጆቹን ማስደሰት ፈለግሁ። አባባ ግን "መጀመሪያ ጣሪያው! ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መሥራት ገንዘብ መጣል ነው" አሉ። ስለዚህ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቀን አነሳንና በአዲስ ደፈንነው። በውሃ ጎማ ጣሪያው ላይ ውሃ ለቀቅንበት፤ ውስጥ ገብተንም አየን። አንድ ጠብታ እንኳ እስኪጠፋ ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ከዚያ በኋላ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገን የበሰበሰውን ግድግዳ አፈረስን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በማራገቢያ አደረቅነው። አዲስ እንጨትና አዲስ ፓነል የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በሥራው መካከል አባባ ልጄን "ካቻቢቴ አምጪልኝ" አሏት። ዝም ብላ ቆመች። ብሎን መፍቻው ነው። "ፒንሳ" ሲሏትም ቆመች። እሱ ደግሞ ሽቦ መቆንጠጫው ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ ነጭ ፕላስተር ይዛ መጣች። ስማቸውን በአማርኛ ፊደል ጽፋ እያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ለጠፈች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። ሲጨርሱ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ወደ እግሩ ወረድን። አባባ በክሪክ አነሱትና ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። "ኩሽኔታው ደርቋል፤ ግራሶ ይፈልጋል" አሉ። ኩሽኔታ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት ነው። ግራሶ ደግሞ ወፍራም ቅባት ነው።

"ጎማውስ ደህና ነው፤ ጥርሱ አላለቀም" አሉ።

እዚህ ላይ እኔ የማውቀው ነገር ነበር። ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። የእኛው 1912 ይላል። ይህ ማለት በ2012 በ19ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የካምፐር ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል፤ መንገድ ላይም ሊፈነዳ ይችላል። አባባ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩት። "ይህን አላውቅም ነበር። በል እንቀይረው" አሉ።

የጋዙን መስመር የፈተሽነው በሳሙና ውሃ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ሲቀባ አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። ፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የጋዝ ማስጠንቀቂያው ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው። አሮጌውን አውጥተን አዲስ ገጠምን።

ሥራው 11 ቅዳሜ ፈጀ። 2,100 ዶላርም አወጣን። ሲደመር 7,900 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ ያልበሰበሰ ካምፐር መግዛት ይቻል ነበር። ስለዚህ እናንተም ሆናችሁ ወላጆቻችሁ ካምፐር ልትገዙ ካሰባችሁ አትቸኩሉ። ጥጎቹን፣ የመስኮቱን ዙሪያና የቁም ሳጥኑን ውስጥ በእጃችሁ ጫኑ። ወለሉ ላይ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ሽቶ ከሸተታችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። መኪናችሁ ስንት ፓውንድ መጎተት እንደሚችል እወቁ፤ 30 ጋሎን ውሃ ብቻውን 250 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ካምፐሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። አባባ ይህን ወረቀት "ሊብሬ" ይሉታል።

መስከረም ላይ አባባን ይዘን ሼናንዶዋ ሄድን። በመንገዱ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የካምፐራችን ቁመት 10 ጫማ ከ9 ኢንች እንደሆነ ለክቼ ነበር። ቢሆንም ከመነሳታችን በፊት አባባ ሜትር ጠየቁኝና ራሳቸው ደግመው ለኩት።

ያደርነው ቢግ ሜዶውስ ነው። እዚያ ለካምፐር የሚሰጥ የመብራት መስመር የለም፤ በባትሪ መብራት እራታችንን በላን። ሌሊት ዝናብ መጣ። ጣሪያውን ሲደበድበው ነቃሁ። ጨለማው ውስጥ አባባ ጥጉ ጋ ቆመው አየኋቸው። አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ጫን አድርገዋል።

"አባባ፣ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ደረቅ ነው። ተኛ" አሉኝ።

እናንተስ? አባታችሁ ወይም አያታችሁ አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር? የሥራቸውን ዕቃዎች ስም በአማርኛ ጠይቋቸውና ጻፉት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።